ዓሣው ሞተ፣ ውሃው ግን «ንጹሕ ነው» ተባለ

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው በኩል፣ ከእንፍራንዝ ወንዝ መግቢያ ብዙም ሳንርቅ መረብ እንጥላለን። ሰኔ አጋማሽ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስንወርድ ደንገሉ ሥር መቶ የሚያልፍ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ አገኘን። አብዛኛው ነጭ ዓሣ ነው፣ ትልልቅ ቆሮሶም አለበት። ጫጩቶቹ ግን ውሃው ፊት ላይ ይርመሰመሱ ነበር፤ አምባዛም አንድ እንኳ ሞቶ አላየንም። አንዱ የጫት መድኃኒት ነው ይላል፣ ሌላው ከላይ ዓሣ የሚገድለውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ነው፣ ሌላው ከከተማ የተለቀቀ ፍሳሽ ነው፤ ሽማግሌዎቹ መብረቅ ነው ይላሉ። ከሰዓት በኋላ በሃይላንድ ቀድቼ ለሚለካ ሰው ሰጠሁ። ፒኤቹ 7.6 ነው፣ ቲዲኤሱም ጥሩ ነው፣ ውሃው ንጹሕ ነው አለኝ። ለድመትም ከዓሣው ሰጥተን ነበር፣ ምንም አልሆነችም። እንግዲህ ዓሣውን ምን ገደለው? ከተንሳፈፈው ሰብስበን ያደረቅነው አለ፣ መሸጥ እንችላለን? ለሚቀጥለውስ በምን እንለየው?»

ምላሽ፦ ያደረቃችሁትን አትሽጡት፤ ራሳችሁም አትብሉት። ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ከሃይላንዱ ልጀምር፤ ያሳሳታችሁ እሱ ነውና።

ፒኤች የሚነግረን ውሃው ወደ ኮምጣጣነት ወይስ ወደ አልካላይነት እንደሚያደላ ብቻ ነው። ቲዲኤስ ደግሞ በውሃው የሟሟው ጨውና ማዕድን በድምሩ ስንት እንደሆነ ይገምታል፤ ያውም መሣሪያው የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው፣ ሌላውን በስሌት ይሞላዋል። ሁለቱም ፀረ ተባይ አያዩም። አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባለው የተባይ መድኃኒት፣ 5 በመቶ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ፣ በሊትር 50 ግራም መርዝ አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ሩብ ግራም ይይዛል። ይህ መርዝ ብዙ የዓሣ ዝርያዎችን በሊትር ከ1 ማይክሮግራም ባነሰ መጠን ይገድላል፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በሊትር ግማሽ ማይክሮግራም ብለን ብናሰላ፣ ያቺ ማንኪያ ለ500 ሺህ ሊትር ውሃ ትበቃለች። 25 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የዳርቻ ጥግ ማለት ነው። በዚያ ጥግ ቲዲኤስ ብትለኩ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። በርግጥ በሐይቁ ውስጥ መርዙ ቶሎ ከጭቃና ከደለል ጋር ስለሚጣበቅ ስሌቱ እንዳለ አይሠራም። የጀርባ መርጫ ይዞ ወርዶ ዳርቻ ላይ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ግን ይበቃል። «ጣና ሰፊ ነው፣ ይውጠዋል» የሚለውም ከዚሁ ይፈርሳል። ሐይቁ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቅ ከሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዓሣው የሚራባበትና ጫጩቱ የሚያድግበት ዳርቻ ደግሞ ከወገብ አያልፍም።

ሰዓቱም ስሕተት ነው። ዓሣው የሞተው ሌሊት፣ ውሃው የተቀዳው ከሰዓት በኋላ። በመካከሉ ጎርፉ አልፏል፣ ነፋስ ውሃውን አገላብጦታል፣ ፀሐይ ወጥታ የጠፋው ኦክስጅን ተመልሷል። ሌሊት የገባን ሌባ በከሰዓት ቤት ውስጥ እንደመፈለግ ነው። ዕቃውም ቢሆን አልሆነም፦ ብዙ ፀረ ተባዮች ከፕላስቲክ ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፣ ስለዚህ ቤተ ሙከራ የደረሰው ውሃ ከሐይቁ የተቀዳው ውሃ አይደለም። የለካላችሁ ሰው አልዋሸም። የለካው ልክ ነው፤ «ንጹሕ ነው» የሚለው ድምዳሜ ግን ከመሣሪያው የወጣ አይደለም።

ድመቷም ምስክር አትሆንም። ዓሣ ቀኑን ሙሉ ውሃውን በሚተነፍስበት ብልቱ፣ በስንጥቡ፣ ያጣራል፣ ስንጥቡ ደግሞ ስስ ስለሆነ በውሃው ያለው ነገር በቀጥታ ደሙ ውስጥ ይገባል። ከላይ ያነሳሁት ዓይነት መርዝና የብርብራው መርዝ ዓሣን በሚገድሉበት መጠን ድመትን፣ ዶሮን፣ ሰውንም ወዲያው ላይነኩ ይችላሉ። ድመቷ የተረፈችው ዓሣው ስላልተመረዘ ነው ማለት አይቻልም፤ ድመት ስለሆነችም ሊሆን ይችላል። የሚዘገየውን ጉዳት ደግሞ ድመት ቀርቶ ሰውም በአንድ ቀን አያሳይም።

አሁን ወደ ሞቱት እንሂድ። ውሃን ከኬሚካሉ በላይ በውስጡ በሚኖሩት መጠየቅ የእኛ ሙያ ሥራ ነው፣ እናንተም ሳታውቁት ግማሹን ሠርታችሁታል። ከጻፋችሁልኝ ውስጥ ከፒኤቹ ይልቅ የሚያወራው ሌላው ነው፦ ሌሊት መሆኑ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መሆኑ፣ ትልልቁ ሞቶ ጫጩቱ መትረፉ፣ አምባዛ አለመሞቱ። አራቱም ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ፤ ዓሣው ታፍኖ ነው የሞተው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ውሃው በራሱ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ እዚያው ሙቀት ላይ በባሕር ወለል ቢሆን ኖሮ ከ8 ተኩል ያልፍ ነበር። መነሻችን ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ቀን ዋቅላሚው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ፍጥረት) እና የውሃ ተክሉ ኦክስጅን ይሠራሉ፣ ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲደርስ በበጋ ሜዳ ላይ የተከማቸውን እበት፣ የሞላ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ የቦይ ጭቃ፣ የበሰበሰ ሣር ሁሉ አንድ ላይ ይዞ ይወርዳል። ይህን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይሻማሉ። ድፍርሱ ደግሞ ብርሃን ስለሚከለክል በማግሥቱ ዋቅላሚው ቶሎ አይተካውም። ከደንገሉ ሥር ነፋስ ስለማይገባ እዚያ ይብሳል።

ትልልቅ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ቀድሞ ይሞታል። ጫጩት ከአየር ጋር በሚገናኘው የውሃው ስስ ሽፋን ላይ አፉን ከፍቶ ሊቆይ ይችላል፤ ሲርመሰመሱ ያያችኋቸው እየተጫወቱ አልነበረም። አምባዛ ከስንጥቧ በላይ አየር የምትተነፍስበት ተጨማሪ ብልት አላት፤ ውሃው ኦክስጅን ሲያልቅበት ብቅ ብላ ከአየር ትስባለች። አምባዛ ተርፋ ነጭ ዓሣ ከሞተ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኦክስጅንን ነው። ቆሮሶ ጠንካራ ነው፣ በሊትር እስከ 1 ሚሊግራም ቢወርድም ለጥቂት ጊዜ ይችላል። የእናንተ ትልልቅ ቆሮሶ መሞታቸው ውሃው ጨርሶ ባዶ ሆኖ እንደነበር ወይም ሌላ ነገር እንደታከለበት ያሳያል። ያ ሌላ ነገር አሞኒያ ሊሆን ይችላል።

ስለ አሞኒያ ትንሽ ልቆይ፤ ፒኤች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነውና። ከእበትና ከሽንት የሚመጣው አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፣ ዓሣን የሚገድለው አንዱ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ሲሆን ገዳዩ መልክ ከጠቅላላው ከ1 በመቶ በታች ነው። 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወጣል፣ 9 ሲሆን ከሲሶ ያልፋል። ዋቅላሚ የበዛበት ውሃ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ወደ 9 ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያው አሞኒያ ጠዋት ምንም ሳይሆን 9 ሰዓት ላይ ገዳይ ይሆናል። ለብቻው የተለካ አሞኒያም ለብቻው የተለካ ፒኤችም ስለዚህ ጉዳይ የሚናገሩት የለም።

ኦክስጅን ነው ስል «እንግዲያው ብክለት አይደለም» ብላችሁ እንዳትወስዱት። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር ይህ ነው፦ ኬሚካል ከተገኘ ብክለት፣ ኦክስጅን ከሆነ የእግዜር ሥራ። ኦክስጅኑን የጨረሰው ከሰውና ከከብት የወጣ ቆሻሻና ከእርሻ የታጠበ አፈር ከሆነ ያው ብክለት ነው፣ ባለቤት ያለው ብክለት። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ የምንታገለው እምቦጭም በዚሁ ማዳበሪያ ነው የሚፋፋው። እምቦጩን ነቅሎ እዚያው ዳርቻ ላይ መከመር ደግሞ ሲበሰብስ ሌላ ኦክስጅን ጨራሽ ማዘጋጀት ነው። ይህን በየዓመቱ ለምን እንደምናደርገው አይገባኝም፤ ጉልበቱ ወጥቶበታል፣ ሃምሳ እርምጃ መጨመር ያቃተን ይመስል።

ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ግን ነጻ አላወጣኋቸውም። ፀረ ተባይ ሲገድል መልኩ ይለያል። ትንንሹ ቀድሞ ይሞታል፣ ቀን ሌሊት አይመርጥም። ዓሣው ይሽከረከራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በጎኑ ይዋኛል። እንደ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉት የነርቭ መርዞች ሲሆኑ የጎን ክንፎቹ ወደ ፊት ተገትረው ይቀራሉ። የውሃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። የእናንተ ጫጩቶች በሕይወት መኖራቸው ይህን ያዳክመዋል፣ አያጠፋውም። የመጀመሪያው ጎርፍ እበቱንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ነው የሚያወርደው፤ ነርቩ ግማሽ የተነካ ዓሣ ደግሞ ደህናው የሚችለውን የኦክስጅን እጥረት አይችልም። በሁለት በትር የተመታን የቱ በትር ገደለው ብሎ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም፣ ቤተ ሙከራም ቢሆን።

ብርብራን የጠረጠረው ሰው ዝም ብሎ አልተናገረም። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮተኖን የተባለ መርዝ አለ። ሮተኖን ሴሎች ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚቀይሩበትን መንገድ ይዘጋል፤ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ላይ ላዩን ሲታይ የአፈና ሞት ስለሚመስል ልምድ ያለውንም ያሳስታል። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። ብርብራ የሚወቀጠው ነጭ ዓሣ ሊወልድ ወደ ወንዝ ሲወጣ፣ ውሃው ጠባብ በሆነበት ነው። ሟቹ ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ወደ ታች በወንዙ ይሰለፋል፣ ከነጥቡ በላይ ያለው ደህና ነው። የእናንተ ዓሣ የተገኘው በሐይቁ ዳርቻ ተበትኖ ነው። በማግሥቱ አንድ ሰው ወንዙን ይዞ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ቢሄድ ኖሮ ይህን ጥርጣሬ በእግሩ ይዘጋው ነበር። መብረቅ ሰፊ ዳርቻ ላይ ትልልቁን መርጦ ጫጩቱን አይተውም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጨምርም።

ከሞቱት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሳይሞት የሚጎዳው ነው። የመርዝ ደረጃ ሲወጣ በአብዛኛው የሚነሣው ከአጭር ሙከራ ነው፦ ዓሣ ለ96 ሰዓት፣ ዳፍኒያ የምትባለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት ለ48 ሰዓት፣ ዋቅላሚ ለ72 ሰዓት መርዙ ውስጥ ይቆያሉ፣ ግማሹን የሚገድለው ወይም እድገቱን በግማሽ የሚገታው መጠን ይመዘገባል። በአራት ቀን ያልሞተ ዓሣ ግን ዕንቁላሉ ሊመክን፣ ሽታ ተከትሎ ወንዙን የማግኘት ችሎታው ሊዳከም፣ ከአሞራ የማምለጥ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። በጣና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናንተ ነጭ ዓሣ ብላችሁ በአንድ ስም የምትጠሩት በሳይንሱ 15 ያህል ዝርያ ነው፣ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ወጥተው ጠጠር ላይ ይወልዳሉ። ይህ ጎርፉ የሚወርድበት፣ በፎገራ ሩዝ ማሳ ሥራው የሚበዛበት ጊዜ ነው። ዕንቁላልና አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ከእናቱ ይልቅ ለመርዝ ስስ ነው። በአንድ ክረምት የጠፋ ውልድ ዳርቻ ላይ አይንሳፈፍም። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ «መረቡ ባዶ ይወጣል» ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ በመረቡ ዓይን መጥበብ ላይ ይወድቃል። የመረቡም ጥፋት አለበት፤ ብቻውን ግን አይደለም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ምን ይደረግ? መሣሪያ ከመግዛት በፊት ልማድ ይቅደም። ማኅበራችሁ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ አንድ ተረኛ ይመድብ፣ በየቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ቦታ ይድረስ፦ ወንዙ መግቢያ፣ ደንገሉ ሥር፣ ከዳርቻ ራቅ ያለ ክፍት ውሃ። አንድ የሚገዛ መሣሪያ ቢኖር የኦክስጅን መለኪያ ይሁን፤ ቲዲኤስ መለኪያ አትግዙ፣ ለዚህ ሥራ አይረባም። መለኪያው ካልተገኘ በጠብታ ኬሚካል ኦክስጅን የሚለካ ሣጥን አለ፣ አጠቃቀሙን በአንድ ቀን ትለምዱታላችሁ። በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ካያችሁ ዓሣው እየተጨነቀ ነው፣ ከ1 በታች ከሆነ ሊሞት ነው። ቁጥሩን ከሰዓቱ፣ ከቦታውና ከሌሊቱ ዝናብ ጋር በደብተር ጻፉት። ጤነኛው ቀን ምን እንደሚመስል ካልተጻፈ የታመመውን ቀን የምናነጻጽርበት የለንም፤ እስካሁን የጎደለን ይኸው ነው።

ሞት ሲያጋጥም ደግሞ ለናሙና ተንሳፎ ያደረ ዓሣ አትውሰዱ፤ ገና ስንጥቡ የሚንቀሳቀሰውን፣ ሊሞት ያለውን ያዙ። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፣ ወዲያው በረዶ ውስጥ ይግባ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ገባር ወንዝ የለቀምኩትን ዓሣ በፌስታል አሥሬ፣ በረዶ ሳልይዝ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዤ ቤተ ሙከራ አደረስኩት። ሽታው ከእኔ ቀድሞ ገባ፤ ያለ አንድ ቃል ከነፌስታሉ ወደ ውጭ ተመለስኩ። በረዶው የሚያስፈልገው ለሽታ ብቻ አይደለም። የነርቭ መርዞቹ በዓሣው አንጎል ውስጥ አሴታይልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያስሩታል፣ መርዙ ከውሃው ከጠፋ በኋላም ኢንዛይሙ ለቀናት እንደታሰረ ይቆያል። ማላታዮን አልካላይ በሆነ ውሃ ውስጥ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ይፈርሳል፤ የዓሣው አንጎል ግን ያስታውሰዋል። ሆኖም ሙቀት ላይ የዋለ ዓሣ ኢንዛይሙ በራሱ ስለሚወርድ፣ በረዶ ካልገባ የመርዙን ሥራ ከብስባሹ ሥራ መለየት አይቻልም። ከጤነኛ ቦታም ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ዓሣ አብሮ ይላክ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር ቁጥር ብቻ ነው። ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ስንጥብና ጉበት በአጉሊ መነጽር እንዲታይ ሲፈለግ ብቻ ነው፤ ለኬሚካል ምርመራ የሚላከውን ፎርማሊን ያበላሸዋል።

ለውሃው የታጠበ ጥቁር ወይም ቡናማ የጠርሙስ ዕቃ ይኑራችሁ፣ ክዳኑ ሥር ፎይል ይደረግበት። ከውሃው ፊት ሳይሆን ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ይሞላ፣ በጨለማና በበረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። አንዱ ከተጠረጠረው መግቢያ በላይ፣ አንዱ ከበታቹ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ከዳርቻውም አንድ እፍኝ ጭቃ ጨምሩ፤ ውሃው የረሳውን ጭቃው ይዞት ይገኛል። የቤተ ሙከራው ወረቀት «አልተገኘም» ካለም መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ የትኞቹን መርዞች ፈልጋችሁ ነው? መሣሪያችሁ የሚያየው ዝቅተኛው መጠንስ ስንት ነው? ያልተፈለገ አይገኝም። ዓሣ በሊትር በግማሽ ማይክሮግራም የሚሞት ከሆነና መሣሪያው ከ5 ማይክሮግራም በታች የማያይ ከሆነ «አልተገኘም» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ ጥቅምት ላይና በግንቦት፣ ከወንዙ ድንጋዮች ሥር ያሉትን ነፍሳት እዩ። ይህ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ወንፊት፣ ነጭ ትሪና ትዕግሥት ይበቃዋል። ሜይፍላይ የምትባለው፣ ጭራዋ ሦስት ክር የመሰለ፣ ከድንጋይ ሥር የምትሸሽ እጭ ካለች ውሃው ላለፉት ሳምንታት ደህና ነበር ማለት ነው፤ እሷ መርዝንም አፈናንም በቀላሉ አትችልም። ደም የመሰለች ቀይ ትል ብቻ በብዛት ከቀረች ኦክስጅን እያነሰ ነው፤ ቅላቷ ራሱ ኦክስጅን አጥብቆ ከሚይዘው ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ተብሎ የተዘጋጀ ኢትባዮስ የሚባል መለኪያ አለ፣ ነፍሳቱን ቆጥሮ ለውሃው ነጥብ ይሰጣል። ለወንዙ ተጠቀሙበት። ጸጥ ባለው የሐይቅ ዳርቻ ላይ ግን አትልበሱት፤ እዚያ ሜይፍላይ ብታንስ ብክለት ላይሆን ይችላል።

አቤቱታን በተመለከተ፣ «ማስረጃ ሳንይዝ ማን ይሰማናል» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ደብተራችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስለ ዓሣው ምርመራ በባሕር ዳር ያለውን የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ዩኒቨርሲቲውን ከሰኔ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ሞት በደረሰ ዕለት ስልክ ፍለጋ መሮጥ ናሙናውን መቅበር ነው።

አሁን ወደ ደረቀው ዓሣ። የሞተበትን ሰዓት አታውቁም፣ በሞቀ ዳርቻ ላይ ተንሳፎ ስንት ሰዓት እንደቆየ አታውቁም፤ ለብቻው ይህ ለመጣል ይበቃል። ታፍኖ ነው የሞተው ያልኩትም ግምቴ ነው፣ የበላ ሰው ላይ የምመሰክርበት እርግጠኝነት አይደለም። ማድረቅ ባክቴሪያን ያዘገያል እንጂ ፀረ ተባይን አያወጣም፤ ውሃው ሲተንለት በኪሎ የሚኖረው መርዝ እንዲያውም ይጨምራል። በባሕር ዳር ወሽመጥ ደግሞ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ የሚያወጣው ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል። እሱን መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት በሚመስልበት ሰሞን፣ በሕይወት የተያዘውንም ቢሆን ሆድ ዕቃውንና ጉበቱን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ያንን ውሃም አፍልታችሁ አትጠጡ። ዓሣ በሊታ የሆኑት ነጭ ዓሣዎች፣ ከ15ቱ ዝርያ 8ቱ እንዲያ ናቸው፣ እንደ ሜርኩሪ ያለውን ከሚበሉት እየሰበሰቡ ስለሚያከማቹ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከትልልቆቹ ይልቅ ቆሮሶ ቢበሉ እመርጣለሁ። በሕይወት ተይዞ በወጉ የተዘጋጀ ዓሣ ግን ይበላ፤ ዓሣ መብላት አቁሙ የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም።

የደረቀውን ከዳርቻው ርቃችሁ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ በጥልቅ ቅበሩት። ወደ ውሃው አትመልሱት፣ ሲበሰብስ እንደገና ኦክስጅን ይበላል። ለውሻም አትስጡት። ለምርመራ ላኩልኝ ብዬ ሁለቱን አስቀሩ እንዳልላችሁ ደግሞ ፀሐይ ላይ የሰነበተ አንጎል ለእኔም አይሆነኝም።